በዳገቷ ላይ የበራው መብራት

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጨምቆ ቢጠለል ስንት ጠብታ ይወጣዋል? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ወጣት ሳለሁ መልሱ በመጻሕፍት ውስጥ ያለ መስሎኝ ብዙ ገጽ አገላብጫለሁ፤ ካረጀሁ ወዲህ የማነበው እያነሰ ጥያቄው እየገዘፈ መጣ። ሰው ሲሞት ቤቱን፣ ልጁን፣ ስሙን ትቶ ሄደ እንላለን። እነዚህ ግን ከኖረው የተረፉ ናቸው እንጂ የኖረው አይደሉም። የኖረውማ፣ ያ ጠዋት በሩን ሲከፍት የሳበው አየር፣ ያ ዳገት ሲወጣ በልቡ ያጉረመረመው፣ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ይህን ባነሳሁ ቁጥር አንድ ጎረቤቴ ትዝ ይለኛል። መካኒክ ነበር፤ የሰፈሩ ሰው «ቆይ» ብሎ ይጠራዋል።

ስሙ የወጣለት ከራሱ አፍ ነው። ደንበኛ መኪናውን አቁሞ ገና እግሩ መሬት ሳይነካ ስለ ብልሽቱ መለፍለፍ ሲጀምር፣ ዘይት የጠጣ መዳፉን ከፍ ያደርግና «ቆይ» ይላል። ምሳ እንብላ ሲሉት «ቆይ»፣ የተጣሉ ሲገላግል «ቆይ»፣ ሲሰድቡትም መልሱ «ቆይ» ነበር። ዕድሜው ሲገፋ ወጣቶቹ አክብሮት ጨመሩበትና «ጋሽ ቆይ» ሆነ። የሥራ ሸሪኩ ደግሞ ሆን ተብሎ የተመረጠ ይመስል ተቃራኒው ነበር፤ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ እጁ የፈጠነ፣ ምላሱ ከእጁ የባሰ። እሱን «ቶሎ» ይሉታል። በአሽከርካሪዎቹ ዘንድ «ቶሎ ጋ የሄደ ቆይ ጋ ይመለሳል» የሚል ቀልድ ነበር፤ ቶሎ ራሱ ይህን ለአዲስ ደንበኛ ሲያወራ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ጋራዣቸው ከቤቴ ዝቅ ብሎ፣ መንገዱ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ግቢ፤ መሬቱ በዓመታት ዘይት ጠቁሮ እንደ ቆዳ የለሰለሰ። ግድግዳው ላይ እያንዳንዱ መፍቻ የሚሰቀልበት ቦታ በነጭ ቀለም በመፍቻው ቅርጽ ተስሏል፤ አንዱ ከቦታው ሲጠፋ የሚታየው ነጭ ጥላው ነው። ከአሮጌ ሚኒባስ የተነቀለ ወንበር የእንግዳ መቀመጫ ሆኗል። ከመምህርነት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ብዙ ከሰዓት ያሳለፍኩት እዚያ ላይ ነው፤ መኪናዬን ከሸጥኩም በኋላ መሄዴን አልተውኩም።

ቆይ ያደገው የጭነት መኪና ከሚነዳ አጎቱ ጋር ነው። ከጭነቱ ላይ ተኝቶ ሲጓዝ የሚቀሰቅሰው የመንገዱ መንገጫገጭ አልነበረም፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ድምፁን የቀየረ እንደሆነ ነበር ዓይኑ የሚገለጠው። በዚያ ዘመን ሞተር የሚመረመረው በጆሮ፣ በአፍንጫና በመዳፍ ነው። ካንዴላ ነቅሎ ጥቁረቱን ማየት፣ የጭሱን ቀለም መለየት፣ ረጅም ካቻቢቴ ከሞተሩ አስደግፎ እጀታውን ጆሮ ላይ መለጠፍ። በኋላ ኮምፒዩተር ያላቸው መኪኖች መጥተው ብልሽት በኮድ መነገር ሲጀምር እኩዮቹ ሙያችን ሞተ ብለው አዘኑ። እሱ ግን ምስክር እንዳገኘ ባለጉዳይ ደስ አለው።

ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠየቅኩት። ሰው ስለ መኪናው ሲናገር ይሳሳታል፣ አንዳንዴም ያፍራል አለኝ፤ ሲጋልብ የከረመው ሁሉ «ቀስ ብዬ ነበር የምሄደው» ይላል። ኮምፒዩተሩ ግን ማፈር አያውቅም። የሞተሩን መብራት የሚያበራ ብልሽት ሲያገኝ ከኮዱ ጋር የዚያችን ቅጽበት ሁኔታ አብሮ ይይዛል፤ መኪናው በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር፣ ሞተሩ ሞቆ ይሁን ገና፣ ዙሩ ምን ያህል እንደነበር፣ የነጂው እግር ቤንዚኑን ምን ያህል እንደተጫነው። ቆይ ይህን «ፎቶው» ይለዋል። ኮዱ የበሽታው ስም ብቻ ነው፤ ፎቶው በሽተኛው ሲወድቅ ምን እያደረገ እንደነበር ያሳያል። ስለዚህም ፎቶው ሳይታይ ኮድ እንዲጠፋ አይፈቅድም ነበር።

ፎቶው ደግሞ ተሰባሪ ነገር ነው። ኮዱን በመመርመሪያው ያጠፉት እንደሆነ አብሮ ይጠፋል። በእሱ እጅ በሚያልፉት መኪኖች ባትሪ ከተነቀለም፣ ባትሪው ከሞተም ይጠፋል። በዚህ ላይ፣ ብልሽቱ ሳይደገም መኪናው በደህና ደጋግሞ ከተነዳ ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ ይፍቀዋል። «ሲድን ይረሳል» አለኝ ቆይ፤ «እንደኛው ነው።»

ቶሎ ለዚህ ሁሉ ትዕግሥት የለውም። ለእሱ መብራት በራ ማለት መጥፋት አለበት ማለት ነው። አንድ የታክሲ ነጂ ነበር፣ ስንጥር ከጥርሱ የማይለይ፤ መብራቱ በርቶበት ሲመጣ ቶሎ ባትሪውን ነቅሎ መልሶ አሰረለት። መብራቱ ጠፋ፣ ታክሲው እየፎከረ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ እየተንዘፈዘፈ ተመለሰ። ቆይ መመርመሪያውን ሰክቶ አዲሱን ፎቶ አየና ስንት ሰው ጭኖ እንደነበር ጠየቀው።

«ልክ በወንበሩ ነው ጋሽ ቆይ፣ እናቴ ትሙት።»

«እናትህን ተዋት። ሞተሩ ሠርገኛ ጭኛለሁ እያለ ነው።»

ግቢው በሳቅ ተሞላ። ቆይ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ኮይሎችን፣ ለካንዴላዎቹ ብልጭታ የሚሰጡትን፣ እርስ በርስ አቀያየረ፤ ኮዱን አጠፋና ነጂውን ዞር ብለህ ና አለው። ሲመለስ ኮዱ እንደገና መጥቷል፤ ነገር ግን ኮይሉን ተከትሎ ወደ ሌላው ሲሊንደር ዞሯል። በሽታው ከሲሊንደሩ ሳይሆን ከኮይሉ እንደሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው። አዲስ ኮይል ገባና ነገሩ አለቀ። ቶሎ እጁን እየጠረገ፣ እኔ አጠፋለሁ፣ እሱ ያድናል፣ ሁለታችንም እንጀራችን አልተቋረጠም አለ።

የቆይ ሚስት በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ትሠራ ነበር። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ቆማ መጠበቅ የማታውቅ ሴት። የተገናኙት መንዳት እንዲያስተምራት ወንድሟ ለምኖት ነው። ፍሪሲዮኑንም፣ መሪውንም፣ ፍሬኑንም አስተማራት፤ አንድ ነገር ብቻ አቃተው። ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ ከያዘች፣ ሞተሩ ቢጮህ ቢለምን ወደ ሦስተኛ አትቀይርም። ከቀየርኩ ወደ ኋላ እንንሸራተታለን ብላ አምናለች፤ ከዚህ እምነት የሚመልሳት አልተገኘም። ጠዋትም ሞተሩ እስኪሞቅ አትጠብቅም፤ ቁልፍ ማዞርና ከግቢ መውጣት ለእሷ አንድ ነገር ነው። እሱ «ቆይ» ሲል እሷ ጥግ ታጥፋለች።

የጋብቻውን ጉዳይ ያነሳችውም እሷ ናት። አንድ ቀን እሱ ቆሞ እየሰማ፣ «ይኼ ሰውዬ ቆይ ቆይ ሲል ልጃችን እኮ ከኛ ቀድማ ልታገባ ነበር» አለችኝ። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

አንድ ጠዋት ትንሿን ነጭ መኪናዋን አስነስታ ወጣች። በመስኮት ብቅ ብሎ ይሙቅ እንጂ አላት፤ እጇን አውለበለበችለት። ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ ስልኩ ጮኸ። ከሰፈራችን መውጫ ያለችውን ዳገት ጨርሳ ጥግ ይዛ ቆማ ነው የደወለችው።

«አንተ ሰውዬ፣ መብራትህ በራብኝ።»

«የት ላይ?»

«ዳገቷ ላይ ነዋ። ደግሞ ይንቀጠቀጣል።»

«ማርሽ ቀይሪያ።»

«እሱን ማታ እንጣላበታለን» ብላ ዘጋችው።

ትምህርት ቤቱ ደረሰች፣ መኪናዋን ዛፍ ሥር አቆመች፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከፍታ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠች። ተማሪዎች ሲገቡ መጽሐፍ እንደምታነብ ሰው ተደፍታ አገኟት። ሐኪሞቹ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። የሚጣሉበት ማታ ሳይደርስ አረፈች።

ከቀብሩ በኋላ መኪናዋን ሊያመጣ ብቻውን ሄደ። እንደ ልማዱ ከማስነሳቱ በፊት መመርመሪያውን ሰካ። ሦስተኛው ሲሊንደር ሚስ ያደርጋል ይላል ኮዱ፤ ተራው ሲደርስ ሳይነድ ያልፋል ማለት ነው። ተራ ነገር፣ የኮይል ጉዳይ። ከኮዱ ሥር ግን ፎቶው ነበር። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ። ፍጥነቱ መጠነኛ። ዙሩ ግን ሰማይ የነካ፣ እግሯም ቤንዚኑን የሙጥኝ ብሎ የያዘ። ሞተሩ እየለመነ፣ እሷ እንቢ እያለች፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ።

ይህን የነገረኝ ከዓመታት በኋላ ነው። «ቤታችን ፎቶ ሞልቷል፣ መምህር» አለኝ፤ «በሁሉም ላይ ለፎቶ ብላ ቆማለች። ይኼኛው ላይ ግን እየሄደች ነው።»

ስለ ናፍቆት የተጻፈ ብዙ አውቃለሁ፤ ከዚህ የጠራ ግን አልሰማሁም። ናፍቆት የሄደውን ሰው መፈለግ ይመስለናል። መሄዱንማ አውቀን ተቀብለናል፣ አፈር አልብሰናል። እንቢ የሚለን ሌላ ነው፤ አረማመዱ፣ የበር አከፋፈቱ፣ ስንት ጊዜ ተው ብለነው ያልተወው ያ ጥፋቱ። መልካምነቱን ለቀብር ንግግር እንሰጠዋለን፤ ጥፋቱ ግን ለእኛ ብቻ ይቀራል፤ የሚናፍቀንም እሱ ነው።

መኪናዋን አላስነሳትም። ኮይሉ ሁልጊዜ አይደለም የሚስተው፤ በደህና ከተነዳች ቀስ በቀስ ፎቶው ይፋቃል ብሎ ፈራ። በገመድ አስጎትቶ ከጋራዡ ጓሮ፣ ከቆርቆሮው ሥር አቆማት። ባትሪዋ እንዳይሞት በየጊዜው ቻርጀር ይሰካላታል። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀውም። ሸክላ ሠሪ በገል ይበላል እንዲሉ፣ መካኒክ የገዛ ቤቱን መኪና ሳይሠራ ቢያስቀምጥ የሚደነቅ የለም። ሥራ ሲበርድ አንዳንድ ቀን ይገባና ከተሳፋሪው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የነጂው ወንበር በእሷ እግር ልክ እንደተሳበ ነው፣ አይነካውም። መመርመሪያውን ይሰካል፣ ያያል፣ ይነቅላል። ቁጥሮቹን ወረቀት ላይ መገልበጥ አልፈለገም፤ የተገለበጠ ቁጥር ለእሱ እሷ አይደለችም። እኔ ከሚኒባሱ ወንበሬ ሆኜ ሳየው ባትሪ የሚፈትሽ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ነርስ ናት። ወልዳ ሥራ ስትመለስ ሕፃኗን ለሞግዚት አድርሳ፣ አውቶቡስ ለውጣ፣ እንደገና ለውጣ ነበር ሆስፒታል የምትደርሰው። የእናቷ መኪና ደግሞ ቆማለች። መጥታ ጠየቀችው። ቆይ አላት። ሌላ ጊዜም መጣች፤ ያንኑ አላት። በመጨረሻ «አባዬ፣ መኪናው የእማዬ ነው፤ እኔስ የማን ነኝ?» አለችው። ጎንበስ ብሎ መፍቻውን አነሳ። ዝምታውን እንደ ንፍገት ቆጠረችው፤ መምጣቷም እየሳሳ ሄደ፣ ስትመጣም ሻይዋን ሳትጨርስ ትነሳለች። ሊነግራት አስቦ አፉን ከፍቶ የዘጋበት ጊዜ እንደነበር አውቃለሁ። እናትሽን ከኮድ ሥር አስቀምጫታለሁ ብሎ ለትልቅ ልጅ እንዴት ይነገራል? እንዲህ ሁለቱን ናፍቆ ተቀመጠ፤ አንዷን በጓሮ፣ ሌላዋን በደጅ።

ከዚያ ዓይኑን ሞራ ጋረደው። መፍቻ ከግድግዳው ሲያነሳ ነጩን ጥላ መጨበጥ ሲጀምር ልጁ እጁን ይዛ ወሰደችውና ቀዶ ጥገና ተደረገለት። አቧራ እንዳያይ፣ ጋራዥ እንዳይደርስ ታዘዘ።

በዚያ ጋራዥ ደግሞ ከድሮ ጀምሮ የኖረ አንድ ልማድ ነበር። ከመካከላቸው የታመመ ሲኖር ተሽሎት እስኪመለስ የገዛ መኪናውን ሠርተው ይጠብቁታል፤ የራሱን መኪና የሚሠራ መካኒክ የለምና። ቶሎ እግሩ ተሰብሮ በተኛ ጊዜ የፒካፑን ፍሬን ከሥር እስከ ላይ የሠራለት ቆይ ነው። አሁን ተራው የቶሎ ሆነ። የእናቷን መኪና ሊሠራ እንደሆነ ለልጅቱ ደውሎ ነገራት፤ ደስ አላት፣ ሕፃኗን አዝላ መጣች። ቶሎም ለወዳጁ ክብር ሲል በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቸኩል ሠራ። ባትሪ አልነቀለም። ልክ እንደ ቆይ ኮይሎቹን አቀያየረ፣ ኮዱን አጠፋ፣ ነዳት፣ ኮዱ ተከትሎ መዞሩን አየ፣ አዲስ ኮይል አስገባ። ፎቶውንም እንደ ደንቡ ሳያይ አላጠፋም፤ አይቶ፣ ማነው እንዲህ ሞተር የሚያስጨንቀው ብሎ ብቻውን ስቆ ነበር። ከዚያ አጠባት፣ ወለወላት፣ ከጓሮው አውጥቶ ፀሐይ ላይ አቆማት።

ቆይ ጥቁር መነጽር አድርጎ በልጁ ክንድ ተደግፎ ሲገባ እኔም ነበርኩ። ቶሎ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጠው።

«እንዳንተ ነው የሠራሁት፣ ጋሼ። ጠብቄ።»

ቆይ መኪናዋን አያት። የነጂውን በር ከፍቶ ገባ፤ ወንበሩ ወደ ኋላ ተገፍቶ ለቶሎ ሆድ ቦታ ተለቆለታል። ቁልፉን አዞረ። የዳሽቦርዱ መብራቶች ሁሉ በሩ፤ ሞተሩ ሲነሳ አንድ በአንድ ጠፉ፣ የሞተሩም አብሮ ጠፋ። ሞተሩ እንደ ውሃ ጸጥ ብሎ ይሠራል። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ቆየ። ዓይኑ እርጥብ መሆኑን ሲያይ ቶሎ፣ ሐኪሙ እንዳታረጥበው ብሎህ የለም ወይ ብሎ ተቆጣው። ቆይ «እጅህ ይባረክ» አለ። አሮጌው ኮይል የት እንዳለ ብቻ ጠየቀ፤ ቁራሌው ወስዶታል አሉት። ወረደና ቁልፉን ከልጁ መዳፍ ላይ አኖረው። እሷ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

የነገረኝ ከዚህ በኋላ ነው፣ ዓይኑ ከዳነ በኋላ። ሲነግረኝ ግን ለቅሶ ብቻ አልነበረም፤ አንድ ነገር ሞክሯል። ከልጁ መኪናዋን ለአንድ ጠዋት ተውሶ፣ ከወደቀ ዕቃ መካከል የሞተ ኮይል ፈልጎ፣ በሦስተኛው ሲሊንደር ላይ አስገብቶ፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ወደ ዳገቷ ነዳት። ሁለተኛ ማርሽ ያዘ። ሞተሩ መጮህ ሲጀምር እጁ ሳያዘው ማርሹን ቀየረ። ወደ ታች ተመልሶ እንደገና ወጣ፤ እጁ እንደገና ቀየረ። ዕድሜ ልኩን ሞተር ሲጮህ ሰምቶ ዝም ያላለ እጅ ነው፣ ምን ያድርግ። መብራቱ በራ፤ ፎቶውን አየው። «የኔ ፎቶ ነው የወጣው» አለኝ። ኮይሉን መልሶ ቀይሮ መኪናዋን ለልጁ አስረከበ።

በአንድ እሑድ ቤቱ ጠራን፤ ልጁን፣ ቶሎንና እኔን። ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራቸው። ቶሎ መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎት፣ ማበላሸትማ ሙያዬ አይደል ብሎ ሊስቅ ሲል የቆይን ፊት አየ፤ ከዚያ ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ልጅቱ አባቷን ያን ሁሉ ጊዜ ለምን እንዳልነገራት ጠየቀችው፤ ማፈሩን ሲነግራት ተነስታ አጠገቡ ተቀመጠች።

ከዚያ የፈለገውን ለመናት። ቶሎ ቀድሞ ተቃወመ፤ የሞተ ኮይል ይዞ ዳገት መውጣት የጭስ ማጣሪያውን እንደሚያቃጥል ያስተማርከኝ አንተ ነህ አለው፣ እጄም ከእንግዲህ ያቺን መኪና አያበላሽም አለ። ልጅቱ ሕፃኗን ከጉልበቷ አውርዳ እጁን ያዘችው።

«አባዬ፣ እኔንም መንዳት ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እንደሷ አላውቅበትም።»

አልጨቀጨቃትም። ከዚያ እሑድ በኋላም ነገሩን ዳግም አላነሳው። ልጁ መምጣት አዘወተረች፣ ሻይዋንም ትጨርሳለች፤ በዚህ ደስ እንዳለው አውቃለሁ። ባለፈው ዓመት አረፈ። መኪናዋ ዛሬም በቤቴ በኩል ስታልፍ አያታለሁ፤ ሞተሯ የማይሰማ፣ ማርሿ በሰዓቱ የሚቀየር።

በዚያ እሑድ የለመናት፣ እሷም፣ ቶሎም፣ ማንም ያላደረገለት ይህ ነበር፤ «አንድ ጠዋት ብቻ፣ ልጄ። ሳታሞቂው ውጪ። ዳገቷ ላይ ሁለተኛ ያዢና ሞተሩ ቢጮህም አትቀይሪ፣ እኔ ከጎንሽ ሆኜ ቀይሪ ብልሽም እንቢ በይኝ።»